በትኩሳት የተነገረ ቃል

የጽኑ ሕመምተኛ ቃል በቢቸናም ሆነ በሞጣ እንደ ዋዛ አይሰማም። ኑዛዜ ሊሆን ይችላልና ሽማግሌ ያደምጠዋል፤ ልጆችም በልባቸው ይይዙታል። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ አንድ ገበሬ ከጉንፋን የተነሣ ብርቱ የሳንባ ምች ይዞት፣ በሦስተኛው ሌሊት የበኵር ልጁን «ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም፤ ከመሬቴም አትድረስ» አለው እንበል። ሲነጋ ደግሞ ያንኑ ልጅ በስሙ ጠርቶ ውኃ አጠጣኝ አለው። የአባትየው ቃል የትኛው ነው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። እኛ «የኅዳር በሽታ» እያልን የምናስበው በሟቾቹ ብዛት ነው። በዚያው ዘመን ግን በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ካርል ሜኒንገር የተባለ ወጣት ሐኪም ከዚሁ በሽታ ጋር አእምሯቸው ስለ ታወከ 100 ሰዎች ጻፈ፤ ኋላም ተከታትሎ ብዙዎቹ ወደ ጤናቸው መመለሳቸውን ገለጠ። በኮቪድም ጊዜ ይኸው ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ236,379 ሕሙማንን መዝገብ ሲመረምሩ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ያህል የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕመም ተመዝግቦበት አገኙ፤ ቀድሞ የነበረባቸውም በዚህ ተቈጥረዋል።

ሳንባ ሲደክም ለአንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት ከበሽታው ጋር የሚያደርገው ትግልም አንጎልን ያውካል። ሕመምተኛው ይቀባዥራል፤ ጠዋት ረጋ ብሎ ሲመሽ ይብስበታል።

«ትኩሳቱ በልቡ የሸሸገውን አወጣው» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የታወከ አእምሮ ሰው ያላሰበውን ያናግራል፤ የሌለ ሰው ያሳያል። ነገር ግን አንድ የሚያስቸግረኝ አለ፦ በዚያው ሌሊት አባትየው የቈየ ጠላቱን «ይቅር ብዬሃለሁ» ቢለውስ? ስድቡን የበሽታው ነው ብለን ትተን፣ ይቅርታውን የራሱ ነው ብለን ልንይዝ አንችልም። ሁለቱም እስኪሻለው ይቈዩ፤ ከዚያም በቀን ብርሃን፣ በዚያ ሌሊት የነበሩት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ እንደ ገና ይጠየቅ።

ከተሻለው ወዲያም ቢሆን ይረሳል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ያለ ምክንያት ይተክዛል። በእርሻ ወራት በሬ ሳይጠምድ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል። ሳል ቢኖርበት ማንም ይህን አይለውም ነበር። ሐዘኑ ከበረታ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ልጁም ቢሆን አስታዋሽ ያስፈልገዋል፤ አባትየው የዚያን ሌሊት ቃል ጨርሶ ላያስታውስ ይችላል፤ እርሱ ግን ሰምቶታል።