ዋጋውን ሳያውቁ መፈረም

«አንብበህ ንገረኝ፤ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» አለችኝ አክስቴ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እሷ ቤት ነን። የኦክቶበር መጨረሻ ነው። ልጇ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔ ሶፍትዌር ስለምሠራ ብቻ የቤተሰቡ ፎርም ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

ፎርሙ «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚሉት ነው። ተማሪዋ በኖቬምበር መጀመሪያ በዚህ መንገድ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ታመለክታለች፤ መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል፤ ከተቀበሏት ሌላውን ማመልከቻ ሁሉ ሰርዛ እዚያው ትገባለች። እሷም፣ ወላጇም፣ የትምህርት ቤቷ አማካሪም ይፈርማሉ። በመደበኛው መንገድ ብትሄድ ግን የየኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ አስተያይታ እስከ ሜይ 1 መወሰን ትችላለች።

ታዲያ ሰው ለምን ቀድሞ ይፈርማል? ዕድል ስለሚጨምር ነዋ። በ2003 የወጣው «ዘ ኧርሊ አድሚሽንስ ጌም» የተባለው መጽሐፍ ጥቅሙን በኤስኤቲ ፈተና ወደ 100 ነጥብ የመጨመር ያህል ገምቶታል። እርግጥ ቀድመው ከሚያመለክቱት መካከል ስፖርተኞችና ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆች ስላሉ፣ የኮሌጆቹ የቅበላ መቶኛ ከእውነተኛው ጥቅም በላይ ያሳያል። ቢሆንም ጥቅም አለው። ኮሌጁ የሚመጣለትን ሰው ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።

አክስቴ በሰዓት ነው የምትሠራው፤ ገቢዋ በየወሩ ይለዋወጣል። የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለው የወጪ ማስያ የሰጠን ግምት ብቻ ነው። «ድጋፉ ካልበቃሽ ከውሉ መውጣት ይቻላል እኮ» አልኳት።

«እንግዲያው ላልጠብቀው የምችለውን ቃል ነው የምፈርመው?»

«ውሉ ራሱ የሚፈቅደው ነገር ውሸት አይደለም» ብዬ ተከራከርኩ። ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። እሷ ግን «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ሰምታ ያደገች ሰው ናት። አልፈረመችም።

ከዚያ ወዲህ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ኮሌጁ «ከሁሉ አስበልጦ የሚወደኝን ላስቀድም» ቢል ክፋት የለውም። ግን ያ ፊርማ ፍቅርን ብቻ አይለካም፤ ዋጋ ሳይጠይቅ መግዛት የሚችለውንም ይለካል። ሁለቱን መለየት አይችልም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሀብታሙ ግን የሚሰጠው ምርጫውን ብቻ ሲሆን አክስቴ የምትሰጠው ዋጋ የማወዳደር አቅሟን ነው። አንድ ዓይነት ፎርም ሁለት ዓይነት ዋጋ ካስከፈለ ፍትሐዊ ነው ልንል እንችላለን?

ሃርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 ቀድሞ ማመልከትን እንደሚያስቀሩ አስታወቁ፤ ለሀብታም ያደላል ብለው። የእነሱ እንኳን ሃርቫርድ ጋ አስገዳጅ አልነበረም። አብዛኞቹ ኮሌጆች አልተከተሏቸውም፤ በ2011 ሁለቱም መለሱት። እነሱ ብቻቸውን መቆም ካቃታቸው፣ አንድን ቤተሰብ «አትጫወቱ» ማለት ይከብዳል።

ልጅቷ በመደበኛው መንገድ አመለከተች። ያ ኮሌጅ አልተቀበላትም፤ አሁን የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ደህና ናት። ቀድማ ብታመለክት ትገባ ነበር? ይህን ደግሞ ማረም የሚቻል ኮድ የለም።

ውጤቱ የመጣ ቀን አክስቴ ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለመፈረሜ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደለም» አልኳት። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።