ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ይዋሻል ወይ?

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ናፍቆት አይደለም፤ በሞባይሌ ስለማነሳው ፎቶ ነው። እዚህ ቤይሩት በምሠራበት ቤት ልጆቹንና ሳሎኑን ማንሳት ክልክል ነው። አልፈርድባቸውም፣ ቤቱ የእነሱ ነው። ስለዚህ ዕቃ በጣም ቀርቤ ማንሳት ጀመርኩ፤ የፎጣ ጸጉር፣ ያልተለቀመ ምስር፣ የወለሉን እምነ በረድ ጅማት። እንዲህ ቀርቦ የተነሳ ነገር የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም።

አነሳሱን በሙከራ ነው የተማርኩት። ፍላሽ ከፊት ሲያበራ ጥላውን ያጠፋና ሸካራውን ሁሉ ልሙጥ ያስመስለዋል። ጠዋት ከመስኮት በጎን የሚገባው ብርሃን ግን እያንዳንዷን ክር ያወጣታል። ከመጠን በላይ ከተጠጋችሁ ደግሞ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ሸሸት ማለት ነው።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ኤድዋርድ ዌስተን የሚባል አሜሪካዊ በ1930 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያነሳውን ፎቶ አሳየችኝ። አንዲት የፈረንጅ ቃሪያ ናት፤ ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንሞላበት ዓይነት አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ነው ያነሳት። ስታዩዋት ጎንበስ ያለ ሰው ጀርባ ትመስላለች። እኔ ስንቱን ቃሪያ ፈልፍዬ ሩዝ ስሞላ አንድም ቀን ጀርባ አይታየኝም ነበር!

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የእምነ በረዱን ፎቶ ደሴ ላለችው እናቴ ላክሁላት። «ልጄ ቤተ መንግሥት ገባች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች አሉ። ፎቶው አልዋሸም፣ እምነ በረዱ እምነ በረድ ነው። ግን ያነሳሁት ተንበርክኬ እየፈገፈግሁት ሳለሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ እናትን ማስጨነቅ ምን ይረባል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ሰው በፎቶው ያላየውን ከራሱ ይሞላዋል። እናቴ በምን እንደምትሞላው እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ የዋሸው ካሜራው ነው ልል ነው?

ባለፈው ሳምንት መዳፌን በመስኮቱ ብርሃን አነሳሁት፤ ቆዳው ብቻ እንጂ ጣት እንኳ አይታይም። በረኪናው ሰነጣጥቆታል። ምንም ሳልጽፍበት ላክሁት። ወንድሜ እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «እማዬ ይሄ የየት አገር መሬት ነው? እዚያ ዝናብ የለም እንዴ? ትልሻለች።»

እስካሁን አልመለስኩላትም። ሁለተኛ ፎቶ ግን አንስቻለሁ። ትንሽ ሸሸት ብዬ፣ ስትሸኘኝ እጄ ላይ ያሰረችልኝ ክር ጭምር እንዲታይ አድርጌ። ሞባይሌ ውስጥ ነው፤ ገና አልላክሁትም።