መብልን ስለ መፍራትና ስለ መጠንቀቅ

ሰው ያለ መብል አይኖርም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰው መብሉን ራሱን ሲፈራ ምን ይሆናል? በየቀኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ገበታ መቅረብ ግድ የሆነበት ሰው፥ በቀረበ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ ከሆነ፥ ኑሮው ምን ዓይነት ኑሮ ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ከአንባብያን ጋር ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚቀርብ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የሐኪምም የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም በአገራችን ሰው ብቻውን አይበላም። አንዱ የሚፈራውን ሌላው ያበስለዋል፥ ያቀርበዋል፥ ያጎርሰዋልም።

ለዚህ ነገር በቋንቋችን ያለን ቃል «አይስማማኝም» የሚል ነው። ወተት አይስማማኝም፥ ሽሮ አይስማማኝም፥ ስንዴ አይስማማኝም ይባላል። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ምግቡን አይሰድብም፤ ሰውየውንም አይወቅስም፤ በሁለቱ መካከል ስምምነት አለመኖሩን ብቻ ይናገራል። ችግሩ ይህ አንድ ቃል እጅግ የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ስለ ፍርሃት ከመናገራችን በፊት ቃሉ የሚሸፍናቸውን ሦስት ነገሮች እንለያቸው።

ሀ. ሦስቱ «አይስማማኝም»

አንደኛው አለርጂ የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገውን ምግብ፥ ለምሳሌ ለውዝን፥ እንቁላልን፥ ዓሣን ወይም ሰሊጥን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ብዙውን ጊዜ ምግቡ ከተበላ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነት ያሳክካል፥ ከንፈርና ፊት ያብጣል፥ ያስመልሳል። ሲብስ መተንፈሻ ይጠባል፥ የደም ግፊት ይወርዳል፥ ሰውም ሊሞት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ጥቂትም ብዙ ነው። ሕመሙ በጠና ጊዜ የሚያድነው አድሬናሊን የተባለው መርፌ ስለ ሆነ፥ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ እንጂ በቤት ውስጥ ይሻለው እንደ ሆነ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛው ሴሊያክ የተባለው ሕመም ነው። በዚህ ሕመም በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ነገር በገባ ቁጥር ሰውነት የራሱን አንጀት ይጎዳል። የሕመሙ መንስኤ የታወቀበት ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ቪለም ዲከ የተባለው የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም፥ ሆዳቸው እየተነፋ ሰውነታቸው ከሚከሳ ሕፃናት ሕመም በስተጀርባ ስንዴ ሳይኖር አይቀርም ብሎ አስቀድሞ ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት በጦርነቱ ምክንያት በሆላንድ ጽኑ ረኃብ ሆነና ዳቦ ጠፋ። አገሩ ሁሉ በተራበበት በዚያ ጊዜ እነዚህ ሕፃናት እየተሻላቸው ሄዱ፤ ዳቦው ሲመለስ ግን ሕመማቸው አብሮ ተመለሰ። ዲከም ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በመመረቂያ ጽሑፉ አቀረበ።

ሦስተኛው የሆድ አለመፍጨት ነው። ዋናው ምሳሌ ወተት ነው። በወተት ውስጥ ላክቶስ የተባለ ስኳር አለ፤ ይህን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ በብዙ ሰዎች አንጀት ውስጥ ከሕፃንነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ታችኛው አንጀት ይወርድና በዚያ ካሉት ተሕዋስያን ጋር ሲብላላ ሆድ ይነፋል፥ ይጮኻል፥ ያስቀምጣልም። ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፤ መጠኑም ይለካል። ወተቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ ካልበለጠ፥ በተለይም ከምግብ ጋር ከሆነ፥ ብዙዎቹ ይችሉታል። እርጎም ሲብላላ ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚያጣ ይቀላል፤ በንጥር ቅቤም ውስጥ ስኳሩ ከቶ የለም ለማለት ይቻላል።

በዓለም ካሉት ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወተትን በሚገባ አይፈጩም። ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በኬንያ፥ በታንዛንያና በሱዳን ባሉ ከብት አርቢ ሕዝቦች ዘንድ፥ በጎልማሳነትም ወተት ለመጠጣት የሚያስችሉ የዘር ለውጦች መኖራቸውንና እነዚህም በአውሮፓ ከታወቀው የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ወተት የሚጠጣውም የማይጠጣውም የየአባቶቹን ታሪክ በሆዱ ይዞ ይሄዳል። አንዱ ጤነኛ ሌላው ጎዶሎ አይደለም። «ወተት የማይጠጣ ምን ሰው ነው» የሚል ቢኖር አብዛኛውን የሰው ዘር ሰደበ ማለት ነው።

ለ. ፍርሃት ከየት ይመጣል?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ቀን በገበታ ላይ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው በማግሥቱ ያንን ምግብ ይፈራል፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። በሳምንቱ ግን የሚመስለውን ሁሉ ይፈራል፤ በወሩ ደግሞ ሌላ ሰው ያበሰለውን ሁሉ ይፈራል። እንዲህ እያለ ገበታው ይጠባል፥ ሰውነቱ ይከሳል፥ ማኅበሩና ዘመዱም ይርቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ የሚጠቅም ነገር ነግሮናል። ወተት እጅግ አይስማማንም ያሉ ሠላሳ ሰዎች ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ወተት፥ ለሌላ ሳምንት ደግሞ ስኳሩ አስቀድሞ የተፈጨ ወተት ጠጡ፤ የትኛውን እንደሚጠጡ ግን አልተነገራቸውም። በሁለቱም ሳምንታት የተሰማቸው ሕመም ጥቂት ነበር፤ ልዩነትም አልታየበትም። ከሠላሳዎቹ ዘጠኙ ሲመረመሩ ደግሞ ወተትን በሚገባ የሚፈጩ ሆነው ተገኙ። ይህን ስንናገር ሕመሙ የሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። የሚቆርጠው ሆድ በእውነት ይቆርጣል። ነገር ግን የሕመሙ ምክንያት ሁልጊዜ የጠረጠርነው ምግብ አይደለም።

ከቤታችንም ምሳሌ አናጣም። በከተማችን «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ጥቂት ነው። የታመመው ሁሉ በርበሬን ይከሳል፤ ከዚያ ሽሮን፥ ከዚያ ቡናን እየተወ ዓመታት ይቆጥራል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራልያውያን ሐኪሞች ግን ለብዙው የጨጓራ ቁስል መንስኤው አንድ ተሕዋስ መሆኑን ስላገኙ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህ ተሕዋስ ተመርምሮ ይታወቃል፤ በመድኃኒትም ይድናል። በርበሬ የቆሰለን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፤ የቁስሉ አባት ግን እርሱ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው፤ በሽታውን በምግብ ላይ አሳብቦ የሚቀመጥም እንደ ደበቀ ይቈጠራል።

ጓያንም እንመልከት። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው። በገጠራችን ግን ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት የሚሸሽ ብዙ ሰው አለ። ጉዳቱ ያለው በፍሬው ውስጥ ነው እንጂ በእንፋሎቱ አይደለም። ከእንፋሎቱ ሸሽቶ ፍሬውን መብላት ዘበኛን በተሳሳተ በር ላይ እንደ ማቆም ነው።

ሐ. ፍርሃት ዘበኛ እንጂ ጌታ አይሁን

ከዚህ ሁሉ ወደምንፈልገው ነጥብ እንደርሳለን። ፍርሃት ፈጽሞ ክፉ ነው አንልም። ለውዝ የሚገድለው ሰው ለውዝን መፍራቱ ጥበብ ነው። ነገር ግን ፍርሃት በቤት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። ሌባውን ከለየ ጠቃሚ ነው። ሌባውን ከዘመድ መለየት ሲያቅተው፥ በመጨረሻም ባለቤቱን ራሱን አላስገባም ሲል ግን ጌታ ሆኗል ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚባለው የሚያውቅ ፍርሃት ነው፤ የማያውቅ ፍርሃት ግን ጭንቀት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረት ሳይሆን የዕውቀት ልዩነት ነው።

መሸሽ ሁልጊዜ ደኅንነት አለመሆኑን ከሕፃናት ጉዳይ እንማራለን። በእንግሊዝና በአሜሪካ ለዓመታት ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ለውዝ እንዳይቀምሱ ይመከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የለንደን ጥናት ግን ከአራት እስከ ዐሥራ አንድ ወር የሆናቸውን 640 እንዲህ ያሉ ሕፃናት ተከታተለ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከለውዝ ከተጠበቁት መካከል ከመቶ 17 ያህሉ አለርጂ ሲገኝባቸው፥ ገና በሕፃንነታቸው በመጠን ከተመገቡት መካከል ግን ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ተገኘባቸው። ከፍርሃት የመነጨው ምክር የፈራውን ነገር አበዛው ማለት ነው። ይህ አለርጂው አስቀድሞ ላለበት ሰው «ቅመስ» የሚባልበት ምክንያት አይደለም፤ ለተጋለጠ ሕፃንም ሐኪም ሳይጠይቁ የሚደረግ አይደለም።

እንግዲህ ምግብ የማይስማማው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የእርሱ «አይስማማኝም» ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ይወቅ። የበላውንና የተሰማውን ለጥቂት ሳምንታት በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩንም ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ስንዴን የሚጠረጥር ሳይመረመር ስንዴን አይተው፤ ከተወው በኋላ ምርመራው እውነቱን ላያሳይ ይችላልና። ከዚያም የተከለከለውን ብቻ ሳይሆን የተፈቀደለትን ይቍጠር። ሴሊያክ ያለበት ኢትዮጵያዊ በዚህ ዕድለኛ ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለበትም፤ በቆሎው፥ ማሽላው፥ ድንቹ፥ ምስሩ፥ ጎመኑም የእርሱ ነው። ጥንቃቄው ጤፍ ሲወደድ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ጋር ስለሚቀላቀል፥ እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ስለሚችል፥ ወፍጮውም አሁን ስንዴ ፈጭቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያለበትን ሦስት ጥያቄ ጠይቆ በሰላም ይበላል። የማያውቅ ግን እንጀራን ሁሉ ይፈራል።

መ. የባልንጀራ ድርሻ

ከባዱ ጥያቄ ግን የእኛ የሌሎቻችን ነው። በባህላችን እምቢ ማለት ነውር ነው። «አፈር ስሆን» ተብሎ የተለመነ ሰው አፉን ካልከፈተ የናቀ ይመስላል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ፍቅር ግን የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውንም ያያል። የማይስማማውን ሰው አስጨንቆ ማጉረስ ለራስ ደስታ ማድረግ እንጂ ለእርሱ ማድረግ አይደለም። ከዚህም የከፋ «እስቲ እውነት እንደ ሆነ እንይ» ብሎ በወጥ ውስጥ ሰውሮ የሚያቀርብ አለ። አለርጂ ባለበት ሰው ላይ ይህ ቀልድ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። በሌላውም ላይ ቢሆን አደራ መብላት ነው፤ ገበታ በመተማመን የሚቆም ነውና።

አንዳንዱ «ሕዝብ በሚራብበት አገር ምግብ መምረጥ ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ ክርክር ሊናቅ አይገባውም፤ ቍራሽ ላጣ ሰው ስለ ምርጫ ማውራት ያሳፍራልና። ነገር ግን የሆላንድን ሕፃናት እናስታውስ። ረኃቡ ሕመማቸውን ሐሰት አላደረገውም፤ እንዲያውም እውነትነቱን ገለጠው። ድኻም ሀብታምም ሆድ አለው፤ የድኻው ሆድ ሲታመም ደግሞ የሚመርጠው ስለሌለው የባሰ ያስፈልገዋል። ክርክሩ የሚገባው ሳይመረመር በወሬና በስልክ በሚደርሰው ምክር ብቻ ዛሬ ይህን ነገ ያን ለሚተው ሰው ነው። እርሱ ራሱን ይጎዳል፤ በእውነት የታመመውም እንዳይታመን ያደርጋል።

ስለዚህ ወጣቶች ከመርሐ ግብር በኋላ ዳቦና ሻይ ስናቀርብ፥ በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት ስናስተናግድ፥ «የማይስማማችሁ ነገር አለ?» ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ለአንዱ በንጹሕ ሰሃን ለብቻው ቢቀርብለት ከማኅበሩ እንደ ተለየ አንቍጠረው፤ ሰሃኑ ቢለይም ወንበሩ እንዳይለይ እናድርግ። ስለ ሕመሙም በየጊዜው ምስክር እንዲሰጥ አናስገድደው። በጾም ሥርዓት እንኳ ለሕመምተኛ ርኅራኄ የሚደረግለት ከሆነ፥ በሻይና በዳቦ ላይ የምንጨክንበት ምክንያት የለም። እርሱም በበኩሉ ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ ይናገር፤ አጠገቡ ያሉትም ሕመሙ ቢነሣበት ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድመው ይወቁ።

የሰው ፍርሃት ብቻውን ሲሆን ይበረታል፤ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሲኖር ይቀንሳል። የምግቡን ነገር ሐኪም ይመርምር። ሰውየው ግን ሳይሳቀቅ በመካከላችን ተቀምጦ እንዲበላ ማድረግ የእያንዳንዳችን ሥራ ነውና፥ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በገበታችን እንፈጽመው።