የሮማ ጦርና የአርቦሬ ጦር በአንድ ሚዛን

ታሪክን ማንበብ በሙታን ላይ ለመፍረድ መቀመጥ ነው። ሙታን ዳኛውን አይፈሩትም፥ መማለጃም አይሰጡትም፤ ስለዚህ በታሪክ የሚፈርድ ሰው ያደላ እንደ ሆነ አድልዎው የመጣው ከገዛ ልቡ ነው። ከአድልዎም ኹሉ የሚከፋው በኹለት ሚዛን መመዘን ነው፤ ይኸውም አንዱን ሥራ ታናሽ ሕዝብ ሲሠራው ወንጀል፥ ታላቅ ሕዝብ ሲሠራው ክብር ብሎ መጥራት ነው። ይህ ኹለት ሚዛን ተደጋግሞ የሚታየው የጥንቷ የሮማ ሪፑብሊክ ጦርነት ለልጆች በሚነገርበት ጊዜ ነው።

የአርቦሬ ሕዝብ የሚኖረው በደቡብ ኦሞ፥ በሐመር ወረዳ፥ የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር በሚወርድበት ቆላ ነው። ወንዙ ሞልቶ በሸሸበት መሬት ማሽላ ይዘራል፥ ከብትም ያረባል። ጎረቤቶቹ ሐመር፥ ጸማይ፥ ቦረና፥ ኮንሶና ዳሰነች ናቸው። ውሃውና ሣሩ ጥቂት፥ የሚፈልገው ሕዝብ ግን ብዙ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የከብት ዘረፋና የደም ብቀላ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በኦሞ ወንዝ አካባቢ በሚኖሩ በብዙ ሕዝቦችም ዘንድ ጠላቱን የገደለ ጐልማሳ በዘፈን ይወደስ፥ በሰውነቱም ላይ የገዳይነት ምልክት ያወጣ ነበር። ይህን የሚሰማ የደጋ ሰው አይደነቅ፤ በደጋውም ፉከራ ገዳይ ሲሞገስ፥ ግዳይም በጌታ ፊት ሲጣል ኖሯልና።

እንግዲህ ከአርቦሬ ተወልዶ ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ አንድ ልጅ ይታሰብ። ይህ ልጅ ከብት መዝረፍና ሰው መግደል ወንጀል መሆኑን ከዳኛውም፥ ከፖሊሱም፥ ከመምህሩም አፍ ይሰማል። የሰማውም እውነት ነው። ነገር ግን የታሪክ መጽሐፍ በገለጠ ጊዜ የሮማ የጦር አለቆች የሌላውን ከተማ አቃጥለው፥ ሀብቱን ዘርፈው፥ ሕዝቡን በሰንሰለት አስረው፥ አራት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ቆመው ወደ ከተማቸው ሲገቡ ያነባል፤ ይህም ታላቅነት ሲባል ይሰማል። ልጁም፦ የሰፈሬ ሰው ኻያ ላም ነድቶ ቢመጣ ወንበዴ የተባለው፥ ሮማዊው ግን አገር ሙሉ ሕዝብ ነድቶ ቢገባ ጀግና የተባለው ስለ ምንድር ነው? ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልስለታል? ይህ ጥያቄ ከልጅ አፍ ይውጣ እንጂ ሊቃውንትን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አውግስጢኖስ ይህንኑ ነገር አንሥቶ፥ አንድ የባሕር ወንበዴ ለታላቁ እስክንድር በመለሰው መልስ መስሎ ጽፎታል፤ ነገሩም በአንዲት መርከብ የሚዘርፍ ወንበዴ ሲባል በብዙ መርከብ የሚዘርፍ ንጉሥ ይባላል የሚል ነው።

ጥያቄው በባዶ ሜዳ የተነሣ እንዳይመስል የሮማን ሥራ በቍጥር ማየት ይገባል። ቫሌሪዮስ ማክሲሞስ የተባለ የሮማ ጸሐፊ እንደ ጻፈው፥ አንድ የጦር አለቃ የድል ሰልፍ እንዲደረግለት በአንድ ውጊያ ከ5,000 ያላነሱ ጠላቶችን መግደል ነበረበት። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ167 ዓመት ኤሚልዮስ ጳውሎስ በኤጲሮስ አገር ሰባ ከተሞችን አስዘርፎ 150,000 ሰው ለባርነት እንደ ተሸጠ የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ146 ዓመት ቅርጣግና በእሳት ጠፋች፤ ከጥፋቱ የተረፉትና እጃቸውን የሰጡት 50,000 ያህል ሰዎችም ባሮች ሆኑ። በዚያው ዓመት ቆሮንቶስ እንደዚሁ ፈረሰች። በገዳይነት ምልክት የሚመካው የቆላ ጐልማሳ ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ምን ያህል ታናሽ ነው! የታነሰው ግን በቍጥሩ ነው፤ በሥራው ዐይነት አንድ ናቸው።

ስለ ሮማ የሚከራከር ሰው በመጀመሪያ፦ ሮማውያን ያለ ሕግ አልተዋጉም ይላል። ይህም ሐሰት አይደለም። ፌቲያሌስ የሚባሉ ካህናት ነበሯቸው፤ እነዚህ ሰዎች ወደ ሌላው ሕዝብ ሄደው የተወሰደውን እንዲመልስ ይጠይቃሉ፥ ሊቪዮስ እንደሚተርከውም ሠላሳ ሦስት ቀን ይጠብቃሉ፤ ካልተመለሰም አንዱ ካህን ከድንበር ቆሞ በምስክሮች ፊት ጦር ወርውሮ በጠላት ምድር ላይ ይተክላል። ጦርነቱም ተከፈተ ማለት ነው። መጠየቅ፥ መታገሥ፥ ምስክር ማቆም መልካም ሥርዓት ነበረ። ዳሩ ግን ሮማ እየሰፋች ድንበሩ በራቀ ጊዜ፥ ከንጉሡ ከፒሮስ ሠራዊት የተማረከ አንድ ወታደር በከተማዋ አጠገብ ጥቂት መሬት እንዲገዛ ተደረገ፤ ያም መሬት የጠላት አገር ነው ተብሎ ጦሩ ከዚያ ላይ ይወረወር ጀመር። ከሳሹም፥ ዳኛውም፥ የተከሰሰበት መሬትም በአንድ ቤት ሆኑ። ሕግ የሌላውን ቃል መስማት ከተወ በኋላ ሥርዓቱ ቢቀር እንኳ ፍርዱ የለም።

ኹለተኛው ክርክር፦ ለዓለም የተረፈው የሮማ ሕግ የተገኘው ከዚያ ኀይል ነው የሚል ነው። ይህን ነገር ታሪኩ ራሱ አይመሰክርለትም። ሮማውያን በ509 ዓመት ነገሥታትን አስወጥተው በየዓመቱ የሚለወጡ ኹለት ቈንስሎችን ሾሙ። በ494 ዓመት ድኾቹ በዕዳና በባለጠጎች ግፍ ተመርረው ከተማዋን ትተው ወደ ተራራ ወጡ። ባለጠጎቹም በሰይፍ አልተከተሏቸውም፤ ሽማግሌ ልከው ታረቁ፥ ለድኾቹም ጠበቃ የሚሆኑ ሹማምንት ተሰጧቸው። በ451 እና በ450 ዓመት ደግሞ ዐሥራ ኹለቱ የሕግ ሰሌዳዎች ተጻፉ። እንግዲህ የሮማ ሕግ የተወለደው ጦሩን አስቀምጠው በተነጋገሩበት ቦታ ነው። ሮማ የተመሰገነችበት ሥራ ይህ ከሆነ፥ የተወቀሰችበትም ይህን ሽምግልና ለልጆቿ ብቻ ጠብቃ ለጎረቤቶቿ መንፈጓ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከኹለቱ ይጠነክራል። ጠላት የሌለው ሕዝብ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ስለዚህ ጦርነት የአንድነት ጠባቂ ነው ይላሉ። ሽማግሌው ካቶ ቅርጣግና እንድትጠፋ በሸንጎ ደጋግሞ ሲጮኽ፥ ስኪፕዮስ ናሲካ የተቃወመው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ፍርሀት ከሕዝቡ የራቀ እንደ ሆነ ትዕቢት ይገባል ብሎ ሰግቷልና። ሳሉስትዮስ የተባለው ጸሐፊም ቅርጣግና ከጠፋች በኋላ ስስትና የሥልጣን ፍቅር ሮማን እንዳበላሻት ጽፏል። የሆነውም ይመስክርላቸዋል። ከቅርጣግና መጥፋት በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ቈይቶ፥ በ133 ዓመት፥ መሬት ለድኾች ይከፈል ያለው ጢባርዮስ ግራክኮስ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ወገኖቹ ጋራ በዱላ ተቀጥቅጦ ተገደለ።

ነገር ግን በፍርሀት የቆመ አንድነት ከጠላት የተበደሩት ገንዘብ ነው፤ ጠላቱ ሲሞት ዕዳው ይጠየቃል። ደግሞም ሮማን ያፈረሳት ጠላት ማጣቷ ሳይሆን ከጠላት ያመጣችው ነገር ነው። የተማረኩት ባሮች የባለጠጎቹን ሰፊ እርሻ ሞሉት፤ ለዚህ ድል የተዋጋው ወታደር ግን ከዘመቻ ሲመለስ ማሳውን በሌላ ሰው እጅ አገኘው። መሬት ያጣ ወታደር የሚመግበውን አለቃ እንጂ ሸንጎውን አይሰማም። በ88 ዓመት ሱላ የሮማን ሠራዊት በሮማ ላይ አመጣ፤ በ82 ዓመትም የሚገደሉትን ሰዎች ስም ጽፎ በአደባባይ ሰቀለ። በ49 ዓመት ዩልዮስ ቄሣር እንዲሁ አደረገ። በ27 ዓመት ሥልጣኑ ኹሉ በአውግስጦስ እጅ ገባና የሪፑብሊኩ ዘመን ተፈጸመ። በሰው ምድር ላይ የተወረወረው ጦር ዞሮ በወርዋሪው ቤት ተተከለ። ያኑስ በሚባለው ጣዖት ቤት ያለው በር በሰላም ዘመን ይዘጋ ነበር፤ ሊቪዮስ እንደሚለው ከንጉሡ ከኑማ በኋላ እስከ አውግስጦስ ድረስ የተዘጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሪፑብሊክ አንድ ጊዜ ብቻ ዐረፈ!

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ጉዳይ ከሩቅ ሊመለከተው አይችልም፤ የሮማ ስም ከደጁ ደርሷልና። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት በ1928 ዓ.ም. ሲወር፥ የሮማን ግዛት አድሳለሁ፥ ላልሠለጠነ ሕዝብም ሥልጣኔ አመጣለሁ ብሎ ነበር፤ ግንቦት 1 ቀንም የሮማ ግዛት ተመለሰ ብሎ ዐወጀ። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን ወሰደ፥ ኋላም ሮማ ላይ አቆመው፤ ሐውልቱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.፥ በቦታው ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆማ የጠየቀችው አንድ ሚዛን ነበር፤ ታላቁን መንግሥት የሚከስስ ሕግ ታናሹን ብቻ የሚያስር እንዳይሆን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያን ሚዛን የለመነ ሕዝብ ግን እርሱም ሊመዘንበት ግድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ከብትና ብዙ ምርኮኛ ተነድቶ ወደ ሸዋ ሄዷል። ይህን የሚተርክ የከተማ ሰው አገር ማቅናት ብሎ ቢያልፈው፥ የአርቦሬውን ልጅ ግን የዘራፊ ልጅ ብሎ ቢጠራው፥ የፋሺስቱን ሚዛን ከእጁ ተቀብሎ ይዟል ማለት ነው። ልጁም ይህን ያስተውላል። አስተውሎም ከኹለት አንዱን ይማራል፤ ወይም የሰፈሩ ሰው ጥፋት መግደሉ ሳይሆን ጥቂት መግደሉ ነው ብሎ ይደመድማል፥ ወይም የመምህሩን ምክር ኹሉ ግብዝነት ነው ብሎ ይንቃል። ኹለቱም ለአገር ጥፋት ነው፤ ጦር መሣሪያ በቀላሉ በሚገኝበት አገር ደግሞ የተማሪው ድምዳሜ በወረቀት ላይ አይቀርም።

ለዚህ ልጅ የሚገባው መልስ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ በአገሩ ሽማግሌዎች ሥራ ውስጥ አለ። የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ጠመንጃው በዝቶ ደም መፋሰሱ በጠና ጊዜ፥ በ1985 ዓ.ም. የአርቦሬ ሰዎች ተዋጊ ጎረቤቶቻቸውን ወደ አገራቸው ጠርተው የዕርቅ ጉባኤ አደረጉ፤ በዚያም ጦሩ በሥርዓት ተቀበረ። ኢቮ ሽትሬከርና አሉላ ፓንክረስት የተባሉ ሊቃውንት ይህንኑ በፊልም አቅርበውታል፤ የፊልሙም ስም «ጦሩን ቅበሩ» ማለት ነው። ሮማዊው ካህን ጦር ወርውሮ ጦርነት ከፈተ፤ የአርቦሬ ሽማግሌ ጦር ቀብሮ ጦርነት ዘጋ። ሮማዊው ሲወረውር ጠላቱ በዚያ አልነበረም፤ አርቦሬው ሲቀብር ግን ጠላቱ ከአጠገቡ ቆሞ ነበር። በአማርኛ ጦር የሚለው ቃል ብረቱንም ሠራዊቱንም ይሰማል፤ ብረቱን መቅበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፥ ኹለተኛውን መቅበር ግን የዘመን ሥራ ነው። በዚያ ምድር ከዚያ ወዲህም ጠብ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይህ ግን ዕርቁን አያስነቅፈውም። ማሳ አንድ ጊዜ ታርሞ እንደማይቀር፥ ሰላምም በየትውልዱ መታደስ አለበት።

እንግዲህ የሮማ ታሪክ ከትምህርት ቤት አይውጣ። በ216 ዓመት በካናይ ሐኒባል ሠራዊታቸውን ከፈጀ በኋላ ተስፋ ያልቈረጡትን ሰዎች ጽናት ተማሪው ይማር፤ ሹም በዓመቱ ሥልጣኑን ማስረከቡን፥ ድኻው በሽምግልና ጠበቃ ማግኘቱን ያድንቅ። ቅርጣግናን ያቃጠለው ስኪፕዮስ በነበልባሉ ፊት ቆሞ የራሱን ከተማ መጨረሻ አስቦ ማልቀሱንም ይወቅ፤ በዚያች ሰዓት አሸናፊው በተሸናፊው ሚዛን ራሱን መዝኗልና። ወደ ምርኮውና ወደ ግድያው ሲደርስ ግን፥ ዳኛው በአርቦሬ የሚፈርደውን ፍርድ መምህሩ በሮማ ላይ፥ በሮማም ላይ የፈረደውን በራሱ አገር ነገሥታት ላይ ይፍረድ። ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማው ምክር ከበላይ የወረደበት ነቀፋ አይሆንበትም፤ ታላቁንም ታናሹንም እኩል የሚይዝ ሕግ መሆኑን ያያል። ጦሩንም የሚቀብረው ይህን ያየ እንደ ሆነ ነው፤ ሌላው እየታጠቀ እርሱ ብቻ እንዲፈታ የታዘዘ ሰው ግን ጦሩን ይሸሽገዋል እንጂ አይቀብረውም።