ስለ መንገድ መልቀቅ

ለመሆኑ ሰው ለአውሬ መንገድ ሲለቅ ምን አደረገ ይባላል? ፈራ? አከበረ? ወይስ እንዲያው ነፍሱን አዳነ? በ2016 ዓ.ም. ፋሲካን ተንተርሰን አምስት ሆነን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከሰነበትን ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሻይ ቤቱ ያጨቃጭቀናል። ጭቅጭቁ አልተቋጨም፤ ለአንባቢ የምናቀርበውም እንዳልተቋጨ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ግርግር ራቅ ብለን፥ ፊላ ከበቀለበት ዳርቻ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈን፥ እሳት አንድደን፥ የገዛነውን ቆሮሶ እንጠብሳለን። ቦታውን የመረጥነው ሣሩ ተኝቶ መሬቱ ተደልድሎ ስላገኘነው ነው። በሬ ያረሰው ትልም የመሰለ ጠባብ መንገድ ከውሃው ተነሥቶ በምንጣፋችን ሥር አልፎ ወደ ማሳው ይዘልቃል። ጀምበር ጠልቃ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያዳግት ውሃው ውስጥ አንድ ነገር እፍፍ አለ። ሁለት ጆሮ ታየ፤ ቀጥሎ ትከሻ። ጉማሬው እስከ ጉልበቱ ከውሃው ወጥቶ ቆመ። ያየናል፤ አይመጣም፥ አይመለስም።

ወዲያ ማዶ መረባቸውን የሚሰበስቡ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። «ልጆች፥ ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡለት እንጂ! መንገዱ ላይ እኮ ነው የተቀመጣችሁት» አሉን።

ተነሣን። እሳቱን በአሸዋ አዳፍነን፥ የቀረውን እንዳለ ትተን አርባ ሃምሳ እርምጃ ገለል አልን። ጉማሬው ጥቂት ቆይቶ ምንጣፋችንን ረግጦ፥ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን ወደ ሣሩ ሄደ። «ጋሼ፥ እርስዎ አይፈሩትም?» ብንላቸው ሳቁ። «እንዴት አልፈራውም! ጀልባ የሚገለብጥ አውሬ እኮ ነው። ግን እሱም እራቱን ሊበላ ነው የወጣ።»

እራቱን ማለታቸው ቀልድ አይደለም። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ሲመሽ ይወጣና በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ግጦ ይመለሳል። የሚመላለሰውም በለመደው መንገድ ነው። ከ1,000 ኪሎ በላይ ተሸክሞም ሰው ሮጦ አያመልጠውም። ውሃው ውስጥ የሚጥለው ፋንድያ ደግሞ ለሐይቁ ፍጥረት ምግብ ነው፤ ከዚያ ከተውነው ቆሮሶ ውስጥ የእሱም ድርሻ ሳይኖርበት አይቀርም። አገራችን ግን ይህን እንስሳ ይበልጥ የምታውቀው በቆዳው ነው፤ «ጉማሬ» ማለት አለንጋም ማለት ነውና። ጣና ዳር ወይጦዎች ሥጋውን በሉ ተብለው ሲናቁ ኖሩ፤ የናቃቸው ሰው ግን የዚያኑ እንስሳ ቆዳ አለንጋ ብሎ ሲይዝ አላፈረም። (ይህ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እንለፈው።)

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በክፍል የተማርናቸው ፈላስፎች እዚህ ላይ ብዙም አልረዱንም። ካንት ለእንስሳ መራራት የሚገባን ጭካኔው ወደ ሰው እንዳይዞር ነው ይላል። ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ መመዘኛውን ከአእምሮና ከአንደበት አንሥቶ ወደ ሕመም አዛወረው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ እንቀበላለን። ነገር ግን የሁለቱም ሐሳብ የሚሽከረከረው በማሠቃየት ዙሪያ ነው። እኛ ደግሞ ድንጋይ አልወረወርን፥ ዱላ አላነሣን። ተቀምጠን ዓሣ ጠበስን። ታዲያ ዝም ብሎ ተቀምጦ መከልከልስ ምን ይባላል?

ይህን የአገራችን ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ያረሰ ሰው «ማንን መታሁ?» ብሎ ከሽማግሌ ፊት አያመልጥም። ስሙ ድንበር ገፊ ነው። ሎክም ቢሆን ሥራ የንብረት ምንጭ ነው ያለን እሱ ነው። ያንን መንገድ በእግሩ የደለደለው ማን ሆነና! ሎክ ግን የሰውን ሥራ ብቻ ቆጥሮ ዘጋው።

ያን ሌሊት ከመካከላችን አንዷ ክርክሩን ገለበጠችው። «ስለ መብት አታውሩ፤ ፈርተን ነው የተነሣነው። ፍርሃት ደግሞ ምግባር አይባልም» አለች። እውነቷን ነው። ጉማሬው ጥርስ ባይኖረው ኖሮ መንገዱ መንገዱ መሆኑ ይቀር ነበር? ካልቀረ፥ መፈተን ያለበት ጥርስ በሌለው ላይ ነው።

ፈተናው ሳይውል ሳያድር መጣ። በማግሥቱ ጠዋት ኳስ ልንጫወት በለየነው ሜዳ ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ እየዞረች ትጮህብን ጀመር። ለካ ግብ ብለን ድንጋይ ካስቀመጥንበት አጠገብ ባዶ መሬት ላይ እንቁላል ጥላለች። ግቡን ወዲያ እናዛውር፥ አይ ወደዚያ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፥ እንዲያው ተጠንቅቀን እንጫወት... ጭቅጭቁ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አዛወርነው። ለጉማሬው ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም ነበር። ለእኛ የዚያች ወፍ ሩብ ሰዓት ከጉማሬው ደቂቃ ይበልጣል፤ በፍርሃት ያልተገዛ ጊዜ ነውና።

እስከዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን። መንገድ ስንለቅ የከሰርነው አንድ ምንጣፍና ጥቂት ዓሣ ነው። ያ መንገድ በሚደርስበት ማሳ ላይ በቆሎ የዘራው ገበሬስ? የእሱ ኪሳራ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል። ስለ ጉማሬ መብት ሄደን ብንሰብከው፥ ሰባኪው በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ገበሬው እዚያው ነው፥ ጉማሬውም እዚያው ነው። አንዱ ጓደኛችን በዚህ የተነሣ ጉዳዩን በሙሉ የጠገበ ሰው ወሬ ነው ብሎ ጣለው። እኛ ግን ግዴታው ይወድቃል አንልም፤ እኩል አይከፈልም እንጂ። ለመዝናናት የሄደ ሰው ቀድሞ ይነሣ፤ ሐይቁን እያየ ለመተኛት ዳርቻውን የሚያጥር ባለገንዘብ ከእሱም በፊት ይነሣ፤ ገበሬው ከሁሉ በኋላ ይጠየቅ። በተግባር የሚሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዳርቻው በታጠረ ቁጥር የተራበ ጉማሬ መንገዱን የሚያዞረው ወዳልታጠረው ነው፤ ያልታጠረው ደግሞ የገበሬው ማሳ ነው።