«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ የአንድ ምሳሌ ፍርድ በአረጋውያን ሕክምና ሲፈተን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ቃሉ የሕክምና ይሁን እንጂ አዘውትሮ የሚሰማው ከሐኪም ቤት ውጭ ነው። ዕዳውን ከሚስቱ ሸሽጎ ትዳሩ የታወከበት ባል በሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ፣ ወይም አንድ ወጣት ጭንቀቱን ለወላጆቹ ከመንገር ዝምታን ሲመርጥ፣ ነገሩን አውጥቶ እንዲናገር የሚመከረው በዚህ ቃል ነው። የምሳሌው ብርታት ዝምታ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ለመናገር ድፍረት መስጠቱ ሲሆን፣ ድካሙ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ጫንቃ ላይ መጣሉ ነው። በሽተኛው ሕመሙን እንደሚያውቀው፣ ካወቀውም መናገር እንደሚችል፣ ከተናገረም ቁጭ ብሎ የሚሰማው እንደማያጣ አስቀድሞ አምኖ ይነሣልና። ይህ እምነት ዕድሜው ሰባና ሰማንያ የደረሰ ሰው ሲታመም ይናጋል።

የአረጋውያን ሕክምና በዓለም አቀፍ መጠሪያው ጄሪያትሪክስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1909 በኒው ዮርክ ይሠራ በነበረው በቪየና ተወላጁ ሐኪም በኢግናዝ ናሸር ሲሆን፣ ሙያው ከዚያ ወዲህ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ በእርጅና ጊዜ በሽታ መልኩን ቀይሮ እንደሚመጣ ነው። የልብ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ጎልማሳው ደረቱን ጨብጦ ይጮኻል፤ አዛውንቱ ግን ደረታቸውን ምንም ሳያማቸው ትንፋሽ ሊያጥራቸው ወይም አቅም ሊያንሳቸው ብቻ ይችላል። የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት መጥቶ ምልክቱ ምግብ መተውና እግር መክዳት ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን አእምሮን በአንድ ሌሊት ሲያደናግር፣ ይህም ዴሊሪየም የሚባለውና ብዙውን ጊዜ መንስኤው ሲታከም የሚሻሻለው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሲሆን፣ ቤተሰብ «አባባ ጃጁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙም «የእርጅና ነው» ብሎ ከሸኛቸው መድኃኒት ያለው በሽታ በዕድሜ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። እዚህ ላይ በሽተኛው የደበቁት ነገር የለም፤ ራሳቸውም አላዩትም።

የሚደብቁም አሉ፤ በዚህ በኩል ምሳሌው ትክክል ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ የሰላምታ መልስ እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም፤ የቸኮለ ሐኪም ግን «ሕመም የላቸውም» ብሎ በካርዱ ላይ ያሰፍረዋል። ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደወደቁ፣ የልጅ ልጃቸው ስም እንደሚጠፋባቸው ራሳቸው አንሥተው አይናገሩም፤ እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ፣ በአክብሮት፣ ልጆቻቸው ከክፍሉ ወጣ ሲሉ ሊጠየቁ ይገባል። ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አሜሪካ በሄዱ ወላጆች ላይ ችግሩ ይከብዳል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ቢኖርባቸውም፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው፤ እናት ደግሞ ስለ ማኅፀኗ መውጣት በወንድ ልጇ አፍ ለባዕድ ሐኪም አትናገርም።

ከዕፍረት በላይ የሚያስደብቀው ግን ሒሳብ ነው። የምርመራውን ዋጋ የሚያውቁ እናት ሕመማቸውን የሚሸሽጉት ለልጅ ልጅ ትምህርት ቤት የተያዘው ገንዘብ እንዳይነካ ነው፤ ይህን ድብብቆሽ ስንፍና ወይም ድንቁርና ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ማለትም አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ቤተሰቡ በታመመ ጊዜ በነፃ የሚታከምበት ሥርዓት፣ ይህን ሒሳብ ከብዙ የገጠር አረጋውያን ራስ ላይ አውርዷል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው መደብር ጠፍቶ «ከውጭ ግዙ» የሚል ወረቀት በተጻፈ ቀን ግን ሒሳቡ ይመለሳል፤ ቀጣዩን ሕመም መደበቅም ከዚያው ይጀምራል።

ምሳሌው ጨርሶ ያልጠረጠረው ሦስተኛው ነገር፣ የሰሚው መኖር ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የሕክምና ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለየው ሻጩ ገዢው የማያውቀውን ስለሚያውቅ፣ የሚገዛውንም ዕቃ ስለሚወስንለት ነው። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ምርመራና ሥራ በተናጠል የሚከፈልበት ሥርዓት ሲጨመር፣ ለላቦራቶሪ፣ ለአልትራሳውንድና ለቀዶ ሕክምና ጥሩ ዋጋ ሲኖር፣ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ የሚከፈለው የካርድ ክፍያ ብቻ ይሆናል። አሜሪካ ለአረጋውያን በምትሰጠው ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና መድን ውስጥ ይህን ሚዛን ለማቃናት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዊልያም ሺያኦ ጥናት ላይ የተመሠረተ የክፍያ ቀመር ሥራ ላይ አውላለች፤ ያም ሆኖ በእጅና በመሣሪያ የሚሠራው ከሚታሰበውና ከሚነጋገሩበት የበለጠ መከፈሉ አልቀረም። ያው መድን በመሠረታዊ ሽፋኑ ለመስሚያ መሣሪያ አይከፍልም፤ ሐኪሙን መስማት ያልቻሉ አዛውንት እንግዲህ ሕመማቸውን ደበቁ ሊባል ነው?

የዚህ ገበያ ውጤት በግልጽ የሚታየው አረጋውያኑ ከቤት በሚያመጡት የመድኃኒት ፌስታል ውስጥ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የታዘዘላቸው እናት በመድኃኒቱ ምክንያት ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ እብጠቱን ያየ ሌላ ክሊኒክ ሽንት የሚያበዛውን ላዚክስ ይጨምራል፤ እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ በጨለማ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ራጅ፣ የዳሌ ስብራት፣ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። አንዱ መድኃኒት ያመጣው ጠንቅ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ሲያሳዝዝ፣ ሐኪሞች የትዕዛዝ ሰንሰለት ይሉታል። በየደረጃው ደረሰኝ ተቆርጧል፣ እያንዳንዱ ሐኪምም በፊቱ ያየውን በቅንነት አክሟል፤ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ «ይህ የተጀመረው መቼ ነው? እግርዎስ ማበጥ የጀመረው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። እናት ሕመማቸውን በየደረሱበት ተናግረዋል፤ ምሳሌው የጠየቀውን ሁሉ ፈጽመዋል።

ሰሚ ሲገኝ ምን እንደሚሆን የእንግሊዛዊቷ ሐኪም የማርጆሪ ዋረን ሥራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን ምዕራብ የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገቡ የነበረውን የድሆች መጠለያ ሕሙማን ክፍል ሲረከብ፣ ብዙዎቹ የማይድኑ ተብለው ከአልጋ ሳይወርዱ የቆዩ ከ700 በላይ ሕሙማን በእርሷ ኃላፊነት ሥር ወደቁ። ዋረን አንድ በአንድ መረመረቻቸው፣ በየሕመማቸው ለየቻቸው፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ፣ ከአልጋ አስነሥታ እንዲራመዱ አሠለጠነቻቸው፤ ብዙዎቹም ወደየቤታቸው ለመመለስ በቁ። ከዚያ በፊት በሽታቸው የተሰወረው እነርሱ ስለሸሸጉት ሳይሆን የሚመረምራቸው ስለጠፋ ነበር።

በኢትዮጵያ ሐኪሙን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን የተገላቢጦሹ ድብቅነት ነው። ምርመራው ካንሰር መሆኑን ሲያሳይ ልጆች ሐኪሙን በኮሪደር ይዘው «ለአባታችን እንዳይነግሩብን» ይሉታል፤ መርዶን በጊዜውና በወጉ የሚያረዳ ሕዝብ ልጆች ናቸውና ከክፋት አይደለም። አባትም በልጆቻቸው ፊት መለዋወጥ ነገሩን አውቀው፣ እነርሱን ላለማስጨነቅ እንዳላወቁ ይሆናሉ። በዚህ መካከል ኑዛዜ ሳይደረግ፣ ዕርቅ ሳይወርድ፣ ለማይመልሰው ሕክምና የቤት ካርታ ባንክ ሊገባ ይችላል። ብልህ ሐኪም ስለዚህ የምርመራው ውጤት ከመድረሱ በፊት አዛውንቱን ለብቻቸው «ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንድናገር ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። አንዳንዶች «ለእኔው» ይላሉ፣ አንዳንዶች «ለታላቁ ልጄ» ይላሉ፤ ሁለቱም መልስ ሊከበር ይገባዋል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅና መልሱን ለማዳመጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ የጤና መድኑም ሆነ የግል ሆስፒታሎች ይህን ግማሽ ሰዓት እንደ አንድ የሕክምና አገልግሎት ቆጥረው ዋጋ ሊመድቡለት ይገባል፤ እስካሁን ግን የሚሰጠው ሐኪሙ ከሌላ ሕመምተኛ ጊዜ ወይም ከራሱ የምሳ ሰዓት ቆርሶ ነው።