ታማኝነት ለማን? «ፍቅር እስከ መቃብር» ከገጽ ወደ ምስል

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ሁለት ጊዜ መልኩን ለውጧል። መጀመሪያ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተረከ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። ክርክሩ ዘወትር «መጽሐፉን መስሏል ወይስ አልመሰለም?» የሚል ነው። ጥያቄው ግን ከመምሰል ያለፈ የሞራል ጥያቄ ነው። የሌላውን ድርሰት ወደ ሌላ ዘርፍ የሚያሸጋግር ከያኒ ታማኝነቱ ለምንድን ነው? ለታሪኩ ቅደም ተከተል፣ ወይስ ደራሲው በኅብረተሰቡ ላይ ለሰጠው ፍርድ?

ልብ ወለድ የሰውን ውስጥ ይመረምራል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እየወደደ ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ሲያስጨንቀው፣ አንባቢው ከኅሊናው ጋር አብሮ ይሟገታል። ምስል ግን የሚያሳየው ፊትን ነው፤ እንባው የፍቅር ይሁን የፍርሃት ለመለየት ያዳግታል። ከዚህ የከፋም ፈተና አለ። ካሜራ ውበት ይወዳል። የፊታውራሪ መሸሻ ካባና በቅሎ፣ አዳራሽና ግብር ዓይንን ሲማርኩ፣ በመጽሐፉ የተኮነነው ትዕቢት በመስኮቱ ሊያስቀና ይችላል።

ይህን ለመረዳት ከሰቆጣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞዎቹ የዋግ መሳፍንት አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ጎብኚው በሣጥኖቹ ይደነቃል፤ ያረሰላቸውን ገበሬ መቃብር ግን የሚያሳየው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ጉድለት ያረሙት በአበጀ በለው መሪነት የተነሡትን ገበሬዎች ከታሪኩ እምብርት በማስገባት ነው። እነርሱን የአጃቢነት ቦታ ብቻ የሚሰጥ ድራማ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ እንኳ መጽሐፉን ከድቷል።

ይህ ማለት ግን መጽሐፍ ከገጽ አይውጣ ማለት አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው ወገን ሰብለን ያወቃት በሬዲዮ ነው፤ ይህም ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም ድምፅ የሰብለን መልክ ለእያንዳንዱ አድማጭ ይተውለታል፤ ምስል ግን አንዱን መልክ ለሁሉም ይወስናል። ሥልጣኑ በሰፋ መጠን ኃላፊነቱም ይከብዳል።

በታሪኩ ፍጻሜ የባላባት ልጅ፣ የድኻ ልጅና «እብድ» የተባለው ጉዱ ካሣ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። ለሁለቱ ፍቅረኞች ብቻ አልቅሶ የተነሣ ተመልካች ግማሹን ታሪክ አይቷል። ሙሉውን ያየው «ማን ገደላቸው?» ብሎ የጠየቀ ነው። የተሸጋገረ ሥራ ታማኝነትም የሚለካው ይህን ጥያቄ በማስነሣቱ ነው።